የዊልያም ቲንዴል ስምና ሕይወት

በእንግሊዝ አገር ሰሜናዊ ክፍል፥ ከስኮትላንድ ወሰን አጠገብ፥ ታይን የሚባል ወንዝ አለ። ይህ ወንዝ ከሰሜንና ከደቡብ ከሚመጡ ከሁለት ፈሳሾች ተነሥቶ ሄክሳም በምትባለው ከተማ አጠገብ አንድ ይሆናል፤ ከዚያም በኒውካስል ከተማ አልፎ ወደ ሰሜን ባሕር ይገባል። ስሙን የመረመሩ ሊቃውንት፥ እንግሊዞች ወደ ደሴቲቱ ሳይገቡ በዚያ ይኖር ከነበረው ከጥንቱ ሕዝብ ቋንቋ የቀረ ቃል ነው፥ ትርጉሙም ወንዝ ወይም የሚፈስስ ማለት ነው ይላሉ። ወንዙ የሚወርድበት ሸለቆ በእንግሊዝኛ ታይንዴል ይባላል፤ ዴል ማለት ሸለቆ ነውና። ቲንዴል የሚለውም የቤተ ሰብ ስም የወጣው ከዚሁ ሸለቆ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ ልጁም ሲወለድለት የአባቱ ስም ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ አንድ ስም ከጥቂት ትውልድ በላይ አይሻገርም። እንግሊዞች ግን ከ11ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ 14ኛው ድረስ ቀስ በቀስ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተ ሰብ ስም ያዙ። አንዳንዱ ስሙን ከሥራው አገኘ፤ ስሚዝ የሚለው ስም ከቀጥቃጭ ሥራ የወጣ ነው። ሌላው ከአያቱ ስም፥ ሌላውም ከመልኩ ወይም ከጠባዩ፥ ሌላውም ከትውልድ ቦታው አገኘ። ከቦታ የሚወጣው ስም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሰውየው ቦታውን ትቶ ከሄደ በኋላ ነው። በሸለቆው ውስጥ የሚኖረው ሁሉ የሸለቆ ሰው ስለ ሆነ በዚያ ስም አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም፤ ወደ ሌላ አገር የሄደው ግን እንግዳ ነውና ከየት እንደ መጣ እየተነገረ ይጠራል። እንግዲህ ቲንዴል የሚለው ስም ከመጀመሪያው ከአገሩ የወጣ ሰው ስም ነው። በዛሬው ጊዜ ከእንግሊዞች መካከል ይህን ስም በዚሁ አጻጻፍ የሚይዙት ጥቂቶች ናቸው፤ ይሁን እንጂ መጽሐፍ ቅዱስን በእንግሊዝኛ በሚያነብ ሕዝብ ሁሉ ዘንድ ስሙ ይታወቃል። ያሳወቀውም ሰው ስሙን ለብዙ ጊዜ የሰወረ ሰው ነበረ። ከዚህ በታች የሚነገረው የእርሱ ታሪክ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዊልያም ቲንዴል በ1494 ገደማ በምዕራብ እንግሊዝ፥ በግሎስተር አውራጃ፥ ከዌልስ ወሰን በማይርቅ አገር ተወለደ። ቤተ ሰቦቹ በዚያ አገር ሁለት ስም ነበራቸው፤ አንዱ ቲንዴል ሲሆን ሁለተኛው ሂቺንስ ነው። ሂቺንስ የሚለው ስም ሪቻርድ የሚባለውን ሰው በማቆላመጥ ሂች ብለው ከሚጠሩት የወጣ ነው ይባላል። በ17ኛው መቶ ዓመት በቤተ ሰቡ ዘንድ የተጻፈው ወግ እንደሚያስረዳው፥ ከአባቶቻቸው አንዱ የሁለቱ ጽጌረዳዎች ጦርነት በሚባለው የነገሥታት ጠብ ዘመን ከሰሜን ሸሽቶ ወደ ግሎስተር መጣ፤ ጠላቶቹም እንዳያገኙት ሂቺንስ በሚለው ስም ተሸሸገ፤ በኋላ ግን የቀድሞ ስሙን ለልጆቹ ነገራቸው። ዊልያም ወደ ኦክስፎርድ ለትምህርት በገባ ጊዜ በመዝገብ የተጻፈው ዊልያም ሂቺንስ ተብሎ ነው። በ1512 የመጀመሪያውን፥ በ1515 ሁለተኛውን የትምህርት ማዕርግ የተቀበለው በዚህ ስም ነበረ።

ከትምህርቱ በኋላ ቅስናን ተቀብሎ በ1521 ገደማ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ፤ በሊትል ሶድበሪም ሰር ጆን ዎልሽ በሚባሉት ባላባት ቤት የልጆች አስተማሪ ሆነ። ባላባቱ እንግዳ ተቀባይ ስለ ነበሩ በማዕዳቸው ላይ የገዳም አለቆችና ሌሎችም ካህናት ይቀመጡ ነበር። ንግግሩ ስለ ሉተርና ስለ ኤራስሙስ ሲሆን ቲንዴል ከመጽሐፍ እየጠቀሰ ይከራከራቸው ነበር፤ እነርሱም ከማዕዱ የተረፋቸውን ቁጣ ይዘው ይሄዱና በየቦታው መናፍቅ ነው እያሉ ያወሩበት ነበር። በመጨረሻም በሀገረ ስብከቱ ሹም ፊት ተከሰሰ፤ ተገሥጾ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ነው ከአንድ የተማረ ሰው ጋር ሲከራከር፥ እግዚአብሔር ዕድሜ ቢሰጠው፥ ሞፈር ይዞ የሚያርስ ልጅ ከዚያ ሊቅ ይልቅ መጽሐፍ ቅዱስን እንዲያውቅ አደርጋለሁ ብሎ የተሳለው።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በጀርመን አገር ማርቲን ሉተር በ1522 ሐዲስ ኪዳንን በሕዝቡ ቋንቋ አውጥቶ ነበር። በእንግሊዝ ግን ከ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ያለ ኤጲስ ቆጶስ ፈቃድ የመጽሐፍ ቅዱስን ክፍል ወደ እንግሊዝኛ መተርጐምም ማንበብም በሕግ የተከለከለ ነበር። ቲንዴል ሕግ አክባሪ ስለ ነበረ በመጀመሪያ ፈቃድ ጠየቀ። በ1523 ወደ ሎንዶን ሄዶ በግሪክ ቋንቋ ዕውቀታቸው ወደ ተመሰገኑት ወደ ኤጲስ ቆጶሱ ወደ ኩትበርት ተንስታል ቀረበ፤ ችሎታውንም ያስረዳለት ዘንድ ከግሪኩ ከኢሶቅራጥስ የተረጐመውን ንግግር አሳየ። ኤጲስ ቆጶሱ ግን ቤታቸው ሰው እንደ ሞላበትና በሎንዶን ሌላ ቦታ እንደማያጣ ነገሩት። አንባቢ የተንስታልን ስም ልብ ይበል፤ በዚህ ታሪክ መጨረሻ ተመልሶ ይመጣልና።

በሎንዶን ሃምፍሪ ሞንማውዝ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ ተቀበለው፤ በቤቱም ግማሽ ዓመት ያህል ተቀመጠ። ይህ ነጋዴ በኋላ በተመረመረ ጊዜ ስለ እንግዳው ሲመሰክር፥ ሌትና ቀን በመጽሐፉ ላይ ይውል እንደ ነበር፥ የተቀቀለ ሥጋ እንጂ ሌላ እንደማይፈልግ፥ የሚጠጣውም ቀጭን ጠላ ብቻ እንደ ነበረ ተናግሯል። ቲንዴል ግን በዚያ ቤት ሆኖ አንድ ነገር ተረዳ፤ ይኸውም በኤጲስ ቆጶሱ ቤት ቀርቶ በእንግሊዝ አገር ሁሉ ሐዲስ ኪዳንን ለመተርጐም ቦታ የሌለ መሆኑን ነው። ስለዚህ በ1524 ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ጀርመን ሄደ። ከዚያም በኋላ የትውልድ አገሩን ዳግመኛ አላየም።

በዚህ ስፍራ ስሙ እንደ ገና ይሰወራል። በሉተር ከተማ በዊተንበርግ የዩኒቨርሲቲ መዝገብ ውስጥ በግንቦት 27 ቀን 1524 ከእንግሊዝ የመጣ ጊሌልሙስ ዳልቲሲ የሚባል ተማሪ ተጽፎ ይገኛል። ጊሌልሙስ በላቲን ዊልያም ማለት ነው። ዳልቲሲ የሚባል ስም ግን በእንግሊዝ አገር የለም። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ቲን-ዳል የሚለው ስም ሁለቱ ክፍሎቹ ተገልብጠው ዳል-ቲን ተብሎ ነበረ፤ መዝገቡን የገለበጠው ጸሓፊ የመጨረሻውን ፊደል ተሳስቶ አነበበው። እንዲህ ከሆነ የሸለቆው ስም እንደ ልብስ ተገልብጦ ተለብሷል ማለት ነው።

በ1525 ትርጉሙ ተፈጸመና ዊልያም ሮይ ከሚባል ረዳት ጋር ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄዶ በፔተር ክዌንቴል ማተሚያ ቤት ሥራውን አስጀመረ። መቅድሙና በገጹ ዳር ያሉት ማብራሪያዎች ብዙውን ከሉተር መጽሐፍ የተወሰዱ ነበሩ፤ የመጻሕፍቱም ተራ እንደ ሉተር ሐዲስ ኪዳን ነበረ። በዚያው ከተማ የሉተር ብርቱ ተቃዋሚ የነበረ ዮሐንስ ኮክሌውስ የሚባል ሰው መጽሐፍ ያሳትም ነበር። እርሱም አታሚዎቹ ሲመኩ ሰምቶ ወደ ቤቱ ጠራቸውና ወይን አጠጣቸው፤ በወይኑም ምክንያት የእንግሊዝኛ ሐዲስ ኪዳን እየታተመ መሆኑን ከነቁጥሩ ነገሩት። ሹማምንቱ ሊይዟቸው ሲሉ ሁለቱ እንግሊዞች የታተመውን ወረቀት ተሸክመው በራይን ወንዝ በጀልባ ወደ ቮርምስ ሸሹ። በኮሎኝ ከታተመው እስከ ዛሬ የተረፈው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እርሱም ማቴዎስ ምዕራፍ 22 ላይ ይቋረጣል።

በቮርምስ፥ ከአምስት ዓመት በፊት ሉተር በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በቆመባት ከተማ፥ ፔተር ሼፈር የሚባል አታሚ በ1526 መጽሐፉን በሙሉ አወጣ። መጠኑ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ነበር፤ የአሳታሚም የተርጓሚም ስም አልነበረበትም። በጨርቅ ጥቅልና በእህል ከረጢት ውስጥ ተሸሽጎ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ገባ። ኤጲስ ቆጶስ ተንስታልም በዚያው ዓመት በሎንዶን በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ሰብከው መጽሐፉን በእሳት አቃጠሉት።

ተርጓሚው ስሙን የተወው ስለ ፍርሃት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል። ፍርሃት ቢኖረው የሚያስነውር አይደለም። እርሱ ራሱ ግን ምክንያቱን በ1528 ባወጣው መጽሐፍ ገልጦታል። ይህ መጽሐፍ ስለ ዐመፃ ገንዘብ በሚናገረው በሉቃስ ምሳሌ ላይ የተጻፈ፥ በእምነት ስለ መጽደቅ የሚያስተምር ሲሆን፥ ስሙን በግልጥ ያኖረበት የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው። በመቅድሙ እንደሚያስረዳው፥ በሐዲስ ኪዳኑ ላይ ስሙን ያልጻፈው ጌታችን በማቴዎስ 6 መልካም ሥራን በስውር አድርጉ ብሎ ያዘዘውን ለመከተል ነበረ፤ ሥራውንም ሠርቶ ዋጋውን ከአብ ለመጠበቅ ወደደ። አሁን ግን ስሙን የጻፈው ረዳቱ የነበረው ሮይ ከእርሱ ተለይቶ ሰውን የሚሰድብ ግጥም በማውጣቱ ነው፤ ሰዎችም የአንዱን ሥራ ለሌላው እንዳይሰጡ ፈለገ። ስለዚህ ቲንዴል፥ በሌላ ስሙ ሂቺንስ፥ ብሎ ሁለቱንም ስሞቹን በአንድነት አኖረ። እንደሚመስለኝ የዚህ ሰው ጠባይ ከሌላው ነገር ሁሉ ይልቅ በዚህ ይታወቃል። ስም ለእርሱ የሚሰበሰብ ክብር አልነበረም፤ ምስጋና በሚመጣበት ቦታ ይሰውረዋል፥ ተጠያቂነት በሚመጣበት ቦታ ግን ያወጣዋል።

አስገራሚው ነገር፥ ተርጓሚው ስሙን በገለጠበት በዚያው መጽሐፍ አታሚው ስሙን መሰወሩ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ በማርቡርግ ከተማ በሃንስ ሉፍት ታተመ የሚል ተጽፏል። ሃንስ ሉፍት የሉተርን መጻሕፍት የሚያትም የታወቀ ሰው ነበረ፤ ማተሚያ ቤቱ ግን በዊተንበርግ እንጂ በማርቡርግ አልነበረም። መጽሐፉ የታተመው በአንትወርፕ ነው። በ1530 የወጡት አምስቱ የሙሴ መጻሕፍትም ይህንኑ የሐሰት ስምና ቦታ ይዘው ወጥተዋል። እነዚህን ቲንዴል የተረጐመው ከላቲን ሳይሆን ከዕብራይስጡ ነበረ፤ ዕብራይስጥም በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ሰው ነበረ። የፋሲካውን በዓል የእንግሊዝ ሕዝብ እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ቃል ያወጣው እርሱ ነው፤ ቃሉም በላይ አለፈ ማለት ሲሆን፥ መልአኩ የእስራኤልን ቤቶች ማለፉን ያሳያል።

የስሙ መውጣት ለዘመዶቹ ዋጋ አስከፈለ። በሎንዶን ነጋዴ የነበረው ወንድሙ ጆን በ1530 ለወንድሙ ገንዘብ በመላኩና ደብዳቤውን በመቀበሉ ተፈርዶበት ተቀጣ። በአገሩ ካሉት ሊቃውንት ሁሉ በብዕር ኃይለኛ የነበረው ቶማስ ሞርም በ1529 ሰፊ መጽሐፍ ጽፎ ተነሣበት፤ በሁለት ስም መጠራቱንም ሳያነሣ አላለፈም። ዋናው ክርክራቸው ግን በሌሎች ቃላት ላይ ነበረ። ቲንዴል በግሪኩ ኤክሌስያ የሚለውን ቤተ ክርስቲያን በማለት ፈንታ ጉባኤ ብሎ፥ ፕሬስቢቴሮስ የሚለውን ካህን በማለት ፈንታ ሽማግሌ ብሎ ተረጐመው፤ ንስሐ የሚለውንም ቃል ካህን የሚያዝዘው ቅጣት ሳይሆን የልብ መመለስ እንዲሆን አድርጎ ጻፈው። ሞር ይህ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ከሥሩ የሚነቅል ነው አለ፤ ቲንዴልም በ1531 በሰጠው መልስ የግሪኩ ቃል የሚለውን ብቻ እንደ ጻፈ አስረዳ። ከሁለቱ አንዱም በቀላሉ የሚናቅ ሰው አልነበረም፤ ሁለቱም በመጨረሻ ስለ ሕሊናቸው በአንድ ዓመት ልዩነት ሞቱ።

ኤድዋርድ ሆል የሚባለው የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሓፊ አንድ ሌላ ነገር ይነግረናል። ተንስታል በ1529 ወደ አንትወርፕ በመጡ ጊዜ ኦገስቲን ፓኪንግተን የሚባል ነጋዴ የቲንዴልን ሐዲስ ኪዳን ሁሉ ገዝቶ ሊያመጣላቸው ቃል ገባ፤ ኤጲስ ቆጶሱም ያቃጥሉት ዘንድ በደስታ ገንዘቡን ሰጡ። ነጋዴው ግን የቲንዴል ወዳጅ ነበረና ገንዘቡን ለእርሱ አስረከበ። ቲንዴልም ዕዳውን ከፈለበት፥ የቀረውንም የታረመውን እትም ለማሳተም አዋለው። ይህን ሳነብብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

በ1531 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ስቲፈን ቮን የሚባል ነጋዴና መልእክተኛ ልኮ ቲንዴል ወደ አገሩ እንዲመለስ አግባቡ አለ። ቮን ሲፈልገው ቆይቶ ከአንትወርፕ ከተማ ውጭ በሜዳ ላይ አገኘው። ንጉሡ የምሕረት ቃል እንደ ተናገረ በሰማ ጊዜ የቲንዴል ዓይን እንባ ሞላ። ከዚያም የሰጠው መልስ እንዲህ ነበረ። ንጉሡ ተራው የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ብቻ፥ ያለ ምንም ማብራሪያ፥ ለሕዝቡ በእንግሊዝኛ እንዲወጣ ቢፈቅድ፥ ትርጉሙም ንጉሡ የወደደው የማንም ሰው ትርጉም ቢሆን፥ እርሱ ከዚያ በኋላ አንዳች እንዳይጽፍ፥ ወደ አገሩም ገብቶ በንጉሡ እግር ሥር እንዲወድቅና ሥቃይም ሞትም ቢሆን እንዲቀበል ቃል ገባ። ሰባት ዓመት ሙሉ የደከመበት ሥራ ተጥሎ የሌላ ሰው ሥራ በቦታው ቢቆም ፈቃዱ ነበረ። ንጉሡ ግን አልፈቀደም።

የራሱን ትርጉም ሌላ ሰው በስውር ሲለውጠው ግን ዝም አላለም። በ1534 ጆርጅ ጆይ የሚባል እንግሊዛዊ የቲንዴልን ሐዲስ ኪዳን በአንትወርፕ አሳተመ፤ ትንሣኤ የሚለውንም ቃል በአያሌ ቦታ አውጥቶ ከዚህ ሕይወት በኋላ የሚሆን ሕይወት በሚል ለወጠው። ይህን ሲያደርግ የራሱን ስም አልጻፈም። ቲንዴል በዚያው ዓመት መጨረሻ የታረመውን እትም ሲያወጣ በሁለተኛ መቅድም ነገሩን ገለጠ። ማንም መተርጐም ቢወድድ ይተርጕም፥ ነገር ግን በራሱ ስም ያውጣው፤ የሌላውን ሥራ እየለወጠ የሌላው እንደ ሆነ አድርጎ አያቅርብ የሚል ነበር ክርክሩ። በዚህ እትም የዊልያም ቲንዴል ስም በመጽሐፉ ላይ ታትሟል። ከዚህ እትም አንዱ በብራና ታትሞ ለንግሥት አን ቦሊን የነበረው ቅጂ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በዚያን ጊዜ ቲንዴል በአንትወርፕ በእንግሊዝ ነጋዴዎች ቤት፥ በቶማስ ፖይንትዝ አስተናጋጅነት ተቀምጦ የብሉይ ኪዳንን ታሪክ መጻሕፍት ይተረጕም ነበር። በ1535 ሄንሪ ፊሊፕስ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ መጣ። ይህ ሰው አባቱ አደራ የሰጠውን ገንዘብ በቁማር ያጠፋ ነበር፤ የላከውንም ሰው ማንነት እስከ ዛሬ ሸሽጎታል። ፖይንትዝ ጠረጠረው፤ ቲንዴል ግን ወደደው፥ መጻሕፍቱንም አሳየው። በግንቦት ወር አንድ ቀን ፊሊፕስ ለምሳ አብረን እንሂድ አለውና በዚያው ጧት ከእርሱ 40 ሽልንግ ተበደረ። ከቤቱ የሚወጣው መንገድ እጅግ ጠባብ ስለ ነበረ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ፊሊፕስም ትሕትና ያለው መስሎ ቲንዴልን አስቀደመ። እርሱ ቁመቱ ረጅም ነበረና ከኋላ ሆኖ በጣቱ ወደ ታች እያመለከተ በበሩ ለተቀመጡት ወታደሮች የሚይዙትን ሰው አሳያቸው። ወታደሮቹ በኋላ ለፖይንትዝ የየዋህነቱን ነገር ባዩ ጊዜ እንዳዘኑለት ነገሩት። ፖይንትዝም ወዳጁን ለማስፈታት ብዙ ደከመ፤ በመጨረሻ ራሱ ታሰረ፥ አምልጦም ነፍሱን አተረፈ፥ ንግዱ ግን ጠፋ።

ቲንዴል በብራስልስ አጠገብ በቪልቮርዴ ግንብ ከ16 ወር በላይ ታሰረ። ከዚያ ወኅኒ የጻፋት አንዲት የላቲን ደብዳቤ ከብዙ ዘመን በኋላ በመዝገብ ቤት ተገኝታለች። ክረምት ሲገባ የጻፋት ናት። ራሱን ብርድ ስለሚመታው ከተያዘበት ልብስ ሞቃት ቆብ፥ ሞቃት ካባ፥ ለእግሩም መጠቅለያ ጨርቅ እንዲሰጡት ይለምናል፤ በጨለማ ብቻውን መቀመጥ አድካሚ ነውና ማታ መብራት ይፈቀድለት ዘንድ ይጠይቃል። ከሁሉም ይልቅ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱሱን፥ የዕብራይስጥ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን ይለምናል። ከደብዳቤው በታች በእጁ የተጻፈው ስም በላቲን አጻጻፍ ቲንዳሉስ የሚል ነው፤ ሂቺንስም ዳልቲሲም የሚል የለበትም።

በነሐሴ 1536 መናፍቅ ተብሎ ተፈረደበት፤ ክህነቱንም ገፈፉት። በጥቅምት መጀመሪያ በአንገቱ ገመድ ታንቆ ከሞተ በኋላ ሥጋው ተቃጠለ። በመጨረሻው ሰዓት የእንግሊዝን ንጉሥ ዓይኖች ይከፍት ዘንድ እግዚአብሔርን በታላቅ ድምፅ ለመነ ይባላል።

በሚቀጥለው ዓመት በ1537 አንድ ሙሉ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በንጉሡ ፈቃድ እንዲሸጥ ተለቀቀ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተርጓሚው ስም ቶማስ ማቴዎስ ተብሎ ተጽፎ ነበር። በዚህ ስም የተሰወረው ጆን ሮጀርስ የሚባል የቲንዴል ወዳጅ ነበረ፤ እርሱም በ1555 በንግሥት ሜሪ ዘመን ከተቃጠሉት ሰማዕታት የመጀመሪያው ሆነ። መጽሐፉ ግን የቲንዴል ነበረ፤ ሐዲስ ኪዳኑ፥ የሙሴ መጻሕፍት፥ በወኅኒ ሳይገባ የተረጐማቸውም ከኢያሱ እስከ ሁለተኛው ዜና መዋዕል ያሉት ሁሉ በዚያ ይገኛሉ። የቀረውን የሞላው ማይልስ ከቨርዴል የሚባለው የዮርክሺር ሰው ነው፤ የእርሱም ስም እንደ ቲንዴል ሁሉ ከወንዝ ሸለቆ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ የከቨር ወንዝ ሸለቆ ማለት ነው። ሮጀርስ የወዳጁን ስም ለመጻፍ አልቻለም፤ ነገር ግን በብሉይ ኪዳን መጨረሻ፥ ከሚልክያስ ትንቢት በታች፥ በትልልቅ ያጌጡ ፊደላት የዊልያምንና የቲንዴልን መጀመሪያ ፊደላት አኖረ። ይህን መጽሐፍ ንጉሡ ሳያውቅ የቲንዴልን ሥራ ፈቀደ።

ከቨርዴል በ1539 በንጉሡ ትእዛዝ ትልቁን መጽሐፍ ቅዱስ አሰናዳ፤ በየደብሩ እንዲቀመጥም ታዘዘ። የዚህም ሐዲስ ኪዳን ከቲንዴል የወጣ ነው። በ1541 የታተመውን የገለጠ ሰው በመጀመሪያው ገጽ ላይ መጽሐፉን መርምረው ያጸደቁ የሁለት ኤጲስ ቆጶሳት ስም ያነብባል። ከሁለቱ አንዱ ያን ጊዜ የደርሃም ኤጲስ ቆጶስ የነበሩት ኩትበርት ተንስታል ናቸው። በአደባባይ ባቃጠሉት ቃል ላይ ስማቸው በክብር ታተመ፤ ቃሉን የተረጐመው ሰው ስም ግን በዚያ የለም። በ1611 የወጣውም የንጉሥ ያዕቆብ መጽሐፍ ቅዱስ ሐዲስ ኪዳን፥ በ1998 ሁለት ሊቃውንት ቆጥረው እንዳስረዱት፥ ከመቶው ቃል 84ቱ ገደማ የቲንዴል ነው።

እኛም በዚህ ነገር ከሩቅ የምንመለከት ብቻ አይደለንም። በ1840 በሎንዶን በመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የታተመውን የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጐመው አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። በካይሮ ከአሥር ዓመት ያላነሰ ደክሞ ፈጸመው፤ በ1819 ወረርሽኝ በዚያው ስለ ገደለው መታተሙን አላየም። ከአባቶቻችን ስንቱ ያን መጽሐፍ አንብቦ ጸለየበት፤ የተርጓሚውን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

በግሎስተር አውራጃ፥ በኖርዝ ኒብሊ ኮረብታ ላይ፥ በ1866 ለቲንዴል መታሰቢያ የተሠራ 34 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግንብ ቆሟል። ከቮርምሱ ሐዲስ ኪዳን ግን ከእሳት የተረፉት ቅጂዎች ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ በሎንዶን በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን፥ ይኸውም በአደባባዩ መጽሐፉ በተቃጠለበት ስፍራ ይጠበቃል። ሁለተኛውን የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በ1994 ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሎ ገዛው። ሦስተኛው በ1996 በጀርመን በሽቱትጋርት ቤተ መጻሕፍት ተገኘ፤ ከሦስቱ የመጀመሪያ ገጹ ያልጠፋበት እርሱ ብቻ ነው። በዚያ ገጽ ላይ የተጻፈው፥ ሐዲስ ኪዳን ቃሉን የሰሙት እንደ ጻፉትና እንዳስጻፉት መሆኑን፥ ለፍጥረትም ሁሉ እንዲሰብኩት ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ያዘዛቸው መሆናቸውን ነው። ሌላ ስም የለበትም።